የአሮጌ መኪና ሁለት ዋጋ

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራች ቮልስ ዛሬም ገዢ አታጣም። ይሁን እንጂ ሻጩ የሚጠራው አንድ ዋጋ በውስጡ ሁለት ዋጋዎች አሉት። ሁለቱን ያልለየ ገዢም ሆነ ደላላ ሊከስር ይችላል።

የመጀመሪያው የእጥረት ዋጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው የገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ሲወደድ ወይም ሲከለከል፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ይጨምራል። ይህን ዋጋ የፈጠረው መመሪያ ስለሆነ፣ መመሪያ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

ሁለተኛው የቅርስ ዋጋ ነው። በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ ከለንደን ወደ ብራይተን በሚደረገው ጉዞ የሚሳተፉት እ.ኤ.አ. ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪኖች ናቸው። ለጉዞው መብቃት ራሱን የቻለ ዋጋ ይጨምራል። የሚከፈለውም ለታሪኩና ታሪኩን ለሚያስረዳው ሰነድ ነው። ታሪክ ለእኛም አይጠፋም። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ያስገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር።

ሁለቱ ዋጋዎች የሚለያዩት ዳገት ላይ ነው። ጥቂት ወዳጆች ቮልስና ፊያታቸውን አሰልፈው ወደ መንዝ ጉዞ ጀመሩ እንበል። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥለው ወደ መሐል ሜዳ ይታጠፋሉ። የጓሳ አምባ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሲሶ ያህል ስለሚቀንስ ሞተር በዚያው መጠን ይደክማል። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ነዳጅ ያበዛል፤ ካልተስተካከለ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ውኃም 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የፊያቱ ራዲያተር ክዳን ደህና መሆን አለበት። ቮልስ በአየር ስለምትቀዘቅዝ ከዚህ ሥጋት ነፃ ናት። ፍሬን መሞከር የፈለገ ደግሞ ጣሊያኖች በሠሩት ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይውረድ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ዳገቱን በቀላሉ ለመውጣት ሲል የሌላ መኪና ሞተር ካስገባ፣ መኪናዋ በአገልግሎት ዋጋዋ ከፍ ትላለች፤ በቅርስነቷ ግን ትወርዳለች። በተቃራኒው የጥንት ዕቃዋ ያልተነካ፣ ቀለሟም የሚያበራ መኪና በትርዒት ሜዳ ብዙ ተመልካች ይኖራት ይሆናል፤ ጣርማበርን ካልወጣች ግን ለዕለት ሥራ የሚፈልጋት የለም።

በመሆኑም ገዢ አስቀድሞ የሚገዛው የትኛውን ዋጋ እንደሆነ ይወስን። ለአገልግሎት ከሆነ ዳገት ላይ ይሞክራት፣ መለዋወጫ መገኘቱንም ያጣራ። ለቅርስ ከሆነ የሊብሬው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር መግጠሙን፣ የቀድሞ ባለቤቶቿም በሰነድ መታወቃቸውን ይመልከት። ወደ መንዝ ለመሄድ ያሰበ ደግሞ በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰውን ግጭት አስቦ የመንገዱን ደኅንነት ሳያጣራ አይነሳ።

ለእጥረት የቅርስ ዋጋ የከፈለ ሰው፣ መመሪያው በተለወጠ ማግስት በእጁ የሚቀረው አሮጌ መኪና ብቻ ነው።