ከምጽዋ ኬላ እስከ ሀላባ

ከሀዋሳ ተነስቶ በሻሸመኔ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄድ መንገደኛ ሀላባ ቁሊቶን ሳያይ አያልፍም። በዚያው በሀላባ ምድር ከአራት መቶ ዓመት በፊት የአንድ ንጉሥ መልእክተኞች ተይዘው፣ ታስረው፣ ወደ መጡበት እንዲመለሱ ተደርገዋል። ያስመለሳቸው የሀላባ ገዢ ነው። ወደዚህ አቅጣጫ እንዲመጡ ያስገደዳቸው ግን ከዚህ እጅግ ርቆ ምጽዋ ደሴት ላይ የተቀመጠ የኦቶማን ቱርክ ኬላ ነበር። ቱርኮች ያንን ኬላና በዙሪያው የያዙትን ዳርቻ «የሐበሻ ኢያሌት»፣ የሐበሻ ጠቅላይ ግዛት፣ ብለው በመዝገባቸው አስፍረውታል። እዚህ የምናስተዋውቀው ይህንን ተቋም ነው። ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መልእክተኞቹን እንከተል። በ1613 ዓፄ ሱስንዮስ ፍቁረ እግዚእ የተባለ ሰዋቸውንና አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የተባለ ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ቄስ ወደ ደቡብ ላኩ። መድረሻቸው በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የምትገኘው ማሊንዲ ነበረች፤ ከዚያ በመርከብ ወደ ጎዋ፣ ከጎዋም ወደ ፖርቱጋል። ከጎጃም ተነስተው እናርያ ገቡ፤ የየምን ንጉሥ አገር አቋረጡ፤ ግቤ ላይ ደረሱ። ወንዙን የተሻገሩበት መንገድ በጽሑፍ ቀርቷል። አንዲት ላም አርደው ቆዳዋን እንደ አቁማዳ አበጁ፤ ዕቃቸውን ከተው በትንፋሽ ነፉት፤ ግራና ቀኝ በታሰሩ እንጨቶች ላይ ሰዎቹ ተንጠላጠሉ፤ አንድ ዋናተኛ ከፊት እየጎተተ ሌሎች ከኋላ እየገፉ አሻገሯቸው። ከዚያ ከምባታ፣ ከከምባታም ሀላባ።

የሀላባ ገዢ አሊኮ ሙስሊም ነበር። «ፖርቱጋሎችን ሊያመጡብህ ነው፤ ሃይማኖትህን ሊያስለውጡህ ነው» የሚል ወሬ ቀድሞ ጆሮው ደረሰ። ሰዎቹን ያዘ፤ በመጨረሻም ወደፊት እንዳይሄዱ ከልክሎ መለሳቸው። አሊኮን ለመውቀስ አይቻለኝም፤ ወሬው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሱስንዮስ ራሳቸው ካቶሊክ ሆነው አገሩ በደም ታጥቧል፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀዋል።

ንጉሡ ሰዎቻቸውን በቆዳ ታንኳ እያሻገሩ እንዲህ ያለ ጎዳና ያስጀመሯቸው ቅርቡ በር በሌላ እጅ ስለነበረ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከግብፅ ነው። በ1517 ሱልጣን ቀዳማዊ ሰሊም ካይሮን ይዞ የማምሉኮችን መንግሥት ጣለ፤ የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍና የመካና የመዲና ጠባቂነት አብረው በኦቶማኖች እጅ ገቡ። ልጁ ሱሌይማን፣ ከ1520 እስከ 1566 የነገሠው፣ ከዚህ ውርስ ጋር ፖርቱጋሎችን ተረከበ። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 አፍሪካን ዞሮ ሕንድ ከደረሰ ወዲህ ፖርቱጋሎች በቀይ ባሕርና በካይሮ በኩል ያልፍ የነበረውን የቅመም ንግድ ወደ ራሳቸው መርከብ ለማዞር ይዋጉ ነበር። በ1538 የግብፁ ገዢ ሱሌይማን ፓሻ ኤደንን ይዞ እስከ ሕንዷ ዲዩ ዘመተ። በ1541 ደግሞ የፖርቱጋል መርከቦች ሱዋኪንን መትተው እስከ ስዌዝ ዘለቁ፤ በዚያው ዘመቻ 400 ወታደሮች በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ መሪነት በምጽዋ በኩል ወደ ደጋው ወጡ።

እነዚህ 400 ሰዎች የገቡት የአዳሉ ኢማም አሕመድ ከክርስቲያኑ ንጉሥ ጋር ያካሂዱት ወደነበረው ጦርነት ነው። ኢማም አሕመድ ከየመን ዘቢድ 900 ያህል ነፍጠኞችና አሥር መድፎች አስመጥተው በ1542 ወፍላ ላይ ዳ ጋማን ድል አደረጉ። ከዚያ አብዛኞቹን ቱርኮች ወደ መጡበት ሸኝተው 200 ያህል ብቻ አስቀሩ፤ በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። ኢስታንቡል ግን ከዚህ ሁሉ የወሰደችው ትምህርት አንድ ነበር፦ ምጽዋ ክፍት እስከሆነች ድረስ ፖርቱጋል ወደ ቀይ ባሕር ጓዳ ትገባለች።

ይህንን በር እዘጋለሁ ብሎ የተነሳው ኦዝደሚር ፓሻ ነው። ትውልዱ ቼርከስ፣ ያደገው በማምሉኮች ወገን፣ የመንን ያስተዳደረ ወታደር ነበር። በ1555 የሐበሻ ቤይለርቤይ፣ ማለትም ጠቅላይ ገዢ፣ ተብሎ ተሾመ፤ ልብ በሉ፣ ሹመቱ ሲሰጠው ግዛቱ ገና አልተያዘም። መጀመሪያ አባይን ተከትሎ ከግብፅ ወደ ላይ ለመውጣት ሞከረ፤ ወታደሮቹ አንሄድም ብለው ተመለሱ። ቀጥሎ በባሕር መጣ። በ1557 ምጽዋን፣ ከፊት ለፊቷም ሕርጊጎን ያዘ፤ ከዚያ ወደ ደጋው ወጥቶ የጠረፉ ገዢ የባሕር ነጋሹ ከተማ በሆነችው ድባርዋ ላይ መሸገ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ አስከሬኑ ምጽዋ አረፈ። በቦታው የተተካው ልጁ ዑስማን ከጊዜ በኋላ፣ በ1584፣ የመላው ኦቶማን ግዛት ታላቅ ቬዚር ሆኗል። ሐበሻ ለትልቅ ሹመት መንደርደሪያ ልትሆን ትችል ነበር ማለት ነው።

የዚህ ጠቅላይ ግዛት አሠራር ከሌሎቹ ይለያል። በአናቶልያና በባልካን ፈረሰኛው ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል፤ የገበሬውን ግብር እየበላ ይዘምታል። በሐበሻ ኢያሌት ግን የሚከፋፈል እርሻ የለም። ያለው ሱዋኪን፣ ምጽዋ፣ ሕርጊጎና ሐሩሩ የባሕር ዳርቻ ነው። ስለዚህ ገዢውም ወታደሩም በዓመት ደመወዝ ያድራሉ፤ ደመወዙ የሚገኘው ከወደብ ቀረጥ ነው፤ ሲጎድል ከግብፅ ግምጃ ቤት ይሞላል። በሌላ አነጋገር ይህ ጠቅላይ ግዛት መሬት ያስተዳድር የነበረው በስም ነው፤ በተግባር የሚያስተዳድረው የሚያልፈውን ዕቃ ነበር።

ቱርኮች ደጋውን ለመያዝ ያልሞከሩ እንዳይመስል። ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ መጀመሪያ ወግተው ከድባርዋ አስወጧቸው፤ ከዓፄ ሚናስ ጋር ሲጣሉ ግን ከነዚያው ቱርኮች ጋር አበሩ፤ በ1562 ሚናስ በነዚህ ሁለት ወገኖች ተሸነፉ። ነገሩን የቋጩት ልጃቸው ዓፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው። በ1578–79 ዘመቻ ዓዲ ቆሮ ላይ ባሕር ነጋሹም ቱርካዊው አሕመድ ፓሻም ወደቁ፤ የድባርዋ ምሽግ እጅ ሰጥቶ ፈረሰ። አሥር ዓመት ቆይቶ ንጉሡ እስከ ሕርጊጎ ወርደዋል። ከዚህ በኋላ የኦቶማን ጦር በደጋው አልቆመም። ደሴቷን ግን አልለቀቀም። እኔ ከዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ደጋውን ሳይገዙ የደጋውን ንግድ ይዘው ቀሩ።

በዚያ ኬላ የሚያልፈው ምን ነበር? ከውጭ የሕንድ ጨርቅ፣ ሐር፣ ቅመምና መሣሪያ። ከውስጥ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰም፣ ዝባድ እና ሰው። ወርቁና ዝባዱ በብዛት ከእናርያና ከአካባቢው፣ ማለትም ከኛ ወገን፣ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ፣ በሲራራ ነጋዴ ጀርባ የሚወጣ ነው። ሰውም እንዲሁ። ገና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ተቀምጦ የጻፈው አል ዑመሪ ሀድያን የሚያነሳት በባሪያ ንግድና በሚሰለቡ ወንድ ልጆች ነው፤ የተሰለቡት ቁስላቸው እስኪሽር የሚቆዩት እዚያ ነበር ይላል። ቱርክ ምጽዋን ስትይዝ ይህ ንግድ አዲስ አልነበረም፤ አሁን ግን ቀረጡን የሚወስደው የሱልጣኑ ሹም ሆነ። ከ1574 እስከ 1591 የሱልጣኑን የእልፍኝ ጃንደረቦች የመራውና በሙራድ ሣልሳዊ ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ኃያላን አንዱ የነበረው ሐበሻዊ መህመድ አጋ ነው፤ ኢስታንቡል ውስጥ በስሙ መስጊድ አሠርቷል። ስለ እሱ ሲወራ ሥልጣኑን ማድነቅ ይቀናናል። እኔ የማስበው አብረውት በዚያ መንገድ የሄዱትን፣ በየሰፈሩ የቀሩትን፣ ስማቸው ተቀይሮ የማንም መዝገብ ያልያዛቸውን ልጆች ነው። የደቡብን ታሪክ ስናስተምር ቱርክን የሰሜን ጉዳይ አድርገን ማለፋችን እነሱን ያስረሳል።

በር የተዘጋበት ሰው ሌላ በር ይፈልጋል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ቄስ በ1589 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ተይዞ የመን ውስጥ ለዓመታት ታሰረ፤ በ1603 በምጽዋ በኩል የገባው አርመናዊ ነጋዴ መስሎ ነው። ሱስንዮስ ደቡብን ሞከሩ። ልጃቸው ፋሲለደስ ደግሞ ምሥራቅን አማተሩ፦ የየመን ዘይዲ ኢማሞች በ1630ዎቹ ቱርኮችን ከአገራቸው አባረው ስለነበር፣ በአፋር ዳርቻ በበይሉል በኩል ከኢማሙ ጋር ለመገናኘት ደብዳቤ ጻፉ። የኢማሙ መልእክተኛ አል ሐይሚ በ1648 በዚያ መንገድ ጎንደር ድረስ መጣ፤ ሲመለስ ግን በበይሉል አልተመለሰም፤ የሄደው በምጽዋ ነው። ያው ፋሲለደስ ከምጽዋና ከሱዋኪን ፓሻዎች ጋር ሌላ ስምምነት ነበራቸው፤ ካቶሊክ ቄስ ሲመጣ እንዳያሳልፉ። በ1648 ሱዋኪን ላይ ሦስት ካፑቺን ቄሶች አንገታቸው ተቀልቷል። አባት በሩን ለመዝለል የፈለጉበትን ኬላ ልጅ እንደ ዘበኛ ተጠቀሙበት።

ደሴቷ ደግሞ የራሷ ድክመት ነበራት። ምጽዋ እህል አይበቅልባትም፤ ለውኃም የዳርቻውን ጉድጓዶችና የዝናብ ማጠራቀሚያዎችን ትጠብቃለች፤ ሥጋው፣ ቅቤውና እህሉ ከደጋ ይወርዳል። በ1690ዎቹ የሕርጊጎው ናይብ ሙሳ፣ የዓፄ ቀዳማዊ ኢያሱ ነጋዴ ለነበረው አርመናዊ ኮጃ ሙራድ የመጣውን ዕቃ ያዘ። ኢያሱ ጦር አላወረዱም፤ ወደ ምጽዋ ስንቅ እንዳይወርድ አዘዙ። ናይቡ ዕቃውንና ገጸ በረከት ይዞ ንጉሡ ወዳሉበት ወደ አክሱም ወጣ።

ናይብ ማን ነው? ኦቶማኖች ሩቅ ሆኖባቸው ሥልጣኑን የሰጡት የአገሬው ባላባት ነው፤ ከሕርጊጎ የበለው ቤተሰብ። በአገሬው ባላባት ፈንታ የራስን ሰው አምጥቶ ማስፈርም ለቱርክ መንግሥት የታወቀ ዘዴ ነበር። መህመድ ሁለተኛ ቁስጥንጥንያን በ1453 ሲይዝ ባዶዋን ከተማ በትእዛዝ ባመጣቸው ቤተሰቦች ሞላት፤ ቆጵሮስ በ1571 ስትያዝም ከአናቶልያ ሰው ተሻገረላት። የሀዋሳ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከተማችን በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ስትቆረቆር ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት ተመርተው ሰፍረውባታል። ወደ ምጽዋ ግን በትእዛዝ የመጣ ገበሬ የለም። የቀረው ዘበኛው ወታደር ነው፤ የአገሩን ሴት አገባ፤ ልጆቹ የአገሩን ቋንቋ ተናገሩ፤ ደመወዙ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ጀመር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ሲደርስ ያገኘው የእነዚህን ወታደሮች ዘሮችና ናይቡን ነው። ናይቡ እጅ መንሻ እየጠየቀ ለሳምንታት አጉላላው። ደሴቷ በወረቀት የሱልጣኑ ነበረች። ብሩስ እንደጻፈው ግን ናይቡ ለቱርክ ሹም ግብር መላኩን ትቶ፣ ስንቅ እንዳይቋረጥበት የምጽዋን ቀረጥ እኩሌታ ለጎንደሩ ንጉሥ ሊከፍል ተስማምቶ ነበር።