«ጥገኛ» ወይስ «መደገፊያ»? ስለ ሶፍትዌር ዕትም ፍተሻ ስያሜዎች

የኮምፒዩተር ሙያ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ለሚመልሱ ሰዎች እንቅፋት ከሚሆኑት ቃላት አንዱ እንግሊዝኛው «ዲፔንደንሲ» የሚለው ነው። «ጥገኛ» ተብሎ ሲተረጐም በመዝገበ ቃላት ዐይን ስሕተት አይመስልም፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ነገሩን ይገለብጠዋል።

ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ሁሉን ነገር ራሳቸው አይጽፉም። ሌሎች ጽፈው ያቀረቧቸውን ጥቅሎች ወስደው በእነርሱ ላይ ይገነባሉ፤ የእያንዳንዱንም ጥቅል ስም ከነዕትም ቁጥሩ በፕሮጀክቱ ዝርዝር ውስጥ ይመዘግባሉ። እንግሊዝኛው «ዲፔንደንሲ» የሚለው ይህንኑ የተወሰደውን ጥቅል ነው፤ ይኸውም የሚደገፉበትን እንጂ የሚደገፈውን አይደለም። የእኛ «ጥገኛ» ግን ተቃራኒውን ያመለክታል። «ጥገኛ ምዕላድ» ስንል ራሱን ችሎ መቆም የማይችለውን፣ «ጥገኛ ትል» ስንል በሌላው አካል የሚኖረውን ማለታችን ነው። እንግዲህ «ጥገኛው አደጋ ስላለበት ይታደስ» የሚል ማስጠንቀቂያ የደረሰው ባለሙያ የቱን ያድስ? የራሱን ፕሮግራም ወይስ የተደገፈበትን ጥቅል?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021) «ሎግ ፎር ጄ» በተባለው የጃቫ ጥቅል ውስጥ ብርቱ የደኅንነት ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ። ጥቅሉ የፕሮግራሞችን የሥራ መዝገብ የሚጽፍ ሲሆን፣ ብዙዎች ፕሮግራማቸው በእርሱ ላይ መቆሙን እንኳ አያውቁም ነበር፤ በሌላ ጥቅል በኩል ገብቶ ነበርና። ማረሚያው ዕትም 2.15.0 ወጣ፤ እርሱም በቂ ስላልነበረ በዚያው ወር ውስጥ 2.16.0፣ 2.17.0 እና 2.17.1 ተከታተሉ። በዚህ ፍጥነት የሚለዋወጠውን ሁሉ በዐይን መከታተል ከሰው ዐቅም በላይ ነው።

ስለዚህም ፍተሻውን ለመሣሪያ መስጠት የተለመደ ሆኗል። «ዲፔንዳቦት» እና «ሬኖቬት» የሚባሉት መሣሪያዎች የፕሮጀክቱን ዝርዝር በተወሰነለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ፣ ያነብባሉ፤ በጥቅሎቹ ማከማቻ ካለው ዕትም ጋር ያነጻጽራሉ፤ ልዩነት ሲያገኙ የለውጥ ጥያቄ ያቀርባሉ። ለውጡን ተቀብሎ ማዋሐድ፣ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጣቸው በቀር፣ የሰው ውሳኔ ነው። «ራስ ሰር እድሳት» የሚለው ትርጕም የማይስማማንም ስለዚህ ነው፤ ራስ ሰር የሆነው ፍተሻውና ሐሳብ ማቅረቡ ነው።

«ማዘመን» የሚለውንም በጥንቃቄ እናየዋለን። ቃሉ ያረጀውን ወደ ዘመኑ ማምጣትን ሲያሳስብ፣ እድሳት ሁልጊዜ ወደ ከፍተኛው ቁጥር አይሄድም። ለ«ሎግ ፎር ጄ» አሮጌውን ጃቫ 7 ለሚጠቀሙ ሰዎች 2.12.2 የተባለ ዕትም ከ2.15.0 በኋላ ወጥቷል፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለ፣ ቀኑ ግን የዘገየ ነው። «ማደስ» ይህን ሁሉ ያለ ችግር ይሸከማል።

ወደ ዋናው ቃል ስንመለስ፣ ከ«ደገፈ» ሥር የሚወጡትን መዝነናል። «ደጋፊ» በኳስ ሜዳ ተይዟል። «መደገፊያ» ግን የመሣሪያና የቦታ ስም ቅርጽ ስላለው ሰው የሚደገፍበትን ነገር በቀጥታ ይጠራል፤ ትንሽ መርዘሙን እንቀበላለን። በእርሱ ላይ የቆመው ፕሮግራም «ተደጋፊ» ሲባል፣ አቅጣጫው ከቃሉ ቅርጽ ይታወቃል። በሰንሰለቱ ውስጥ ራቅ ያለውን ጥቅል እንግሊዝኛው ለተሻጋሪ ግሥ በሚሰጠው ቅጽል ይጠራዋል፤ የሰዋስው ሰዎችን እንዳያደናግር «የመደገፊያ መደገፊያ» ብንለው ይሻላል። ሙሉው ሐረግም «ራስ ሰር የመደገፊያ ዕትም ፍተሻ» ይሆናል።

የቀረው ዕትሞቹን ባሉበት አስሮ የሚይዘው ፋይል ነው። «ቁልፍ ፋይል» ቢባል መክፈቻውን ያስመስለዋል፤ «የዕትም መቆለፊያ» የሚለውን ለጊዜው ይዘናል።