ያውቁ ኖሯል? ሲሚንቶን ከስንጥቅ የሚታደጉት ቀጫጭን ክሮች

የፋይበር ሲሚንቶ ቦርድ አሠራሩ የተቀዳው ከወረቀት ፋብሪካ ነው። ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ሃትሼክ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ፣ በክር የተለወሰ እርጥብ ሲሚንቶን ስስ አድርጎ እየደራረበ ሰሌዳ ያወጣል።

ሲሚንቶ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲያጎብጡት ግን ይሰበራል። ለቤት ጭቃ ስናቦካ ጭድ የምንጨምረው ለምን ሆነና? በቦርዱ ውስጥ የተበተኑት ክሮችም እንደ ጭዱ ናቸው፤ ስንጥቁ ገና ፀጉር ሲያክል ከወዲህና ከወዲያ ይዘው እንዳይሰፋ ያደርጉታል። ቦርዱ እሳት አያቀጣጥለውም፤ ምስጥም አይበላውም። ደካማ ጎኑ የተቆረጠው ጠርዝ ነው። ውሃ በዚያ በኩል ስለሚሰርገው ጠርዙን ቀለም ሳይቀቡ አይግጠሙት።

የሃትሼክ ክር አስቤስቶስ ነበር፤ ብናኙ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአውስትራሊያው ጄምስ ሃርዲ ኩባንያ በእንጨት ክር ተካው። የዛሬው ቦርድም ሲቆረጥ የሚወጣው የሲሊካ አቧራ ሳንባ ይጎዳልና እያረጠቡ፣ የአቧራ ማስክ አድርገው ይቁረጡት። ቤትዎ አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ ካለው ግን በፍጹም አይጋዙት፤ አይስበሩትም።