የጥርስ ላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች የሙያ ማኅበር፦ አመጣጡ፣ ሥልጣኑና ለተገልጋዩ ያለው ፋይዳ

ጥርሱን አጥቶ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማሠራት ወደ ሕክምና ተቋም የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው የጥርስ ሐኪሙን ነው። ጥርሱን በእጁ የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ባለሙያ ነው፤ እርሱም የጥርስ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ይባላል። ታካሚው ይህን ባለሙያ ላያየው፣ ስሙንም ላይሰማ ይችላል። የተሠራው ጥርስ ድድ ሲያቆስል፣ ሲላላ ወይም ሲሰበር ግን የሥራው ጥራት ከማን እንደሚጠየቅ ማወቅ ያስፈልጋል። የሙያ ማኅበር ምንነትና የሥልጣኑ ወሰን ለተገልጋዩም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በባሌ ደጋማ አካባቢ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ከደሎ መና ተነሥቶ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የሰነቴን አምባ አቋርጦ ጎባ የሚደርስ፣ ወይም ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ በሮቤ በኩል የሚመጣ ታካሚ፣ ለአንድ ቀጠሮ የሚያወጣው የትራንስፖርት ወጪና የሚያጠፋው የሥራ ቀን ቀላል አይደለም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ በአንድ ቀን ጉብኝት አያልቅም። ላቦራቶሪው ሕክምናው በሚሰጥበት ከተማ ካልሆነና ልኬቱ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ይጨመርበታል። በልኬት ላይ የተፈጠረች ጥቂት ስሕተት ታካሚውን ያንኑ መንገድ እንደገና ታስኬደዋለች።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

ሐኪሙ በመጀመሪያ አፍን ይመረምራል፤ የሚነቀል፣ የሚታከም ወይም የሚጸዳ ጥርስ ካለ አስቀድሞ ያንን ይጨርሳል። ከዚያም በሚረጋ ለስላሳ ቁስ የድዱንና የቀሪ ጥርሶችን ቅርጽ ይለካል። ቴክኒሻኑ በዚህ ልኬት ውስጥ ጄሶ በማፍሰስ የታካሚውን አፍ አምሳያ ያወጣል። በአምሳያው ላይ በሰም የተሠራ መነሻ ይዘጋጅና ታካሚው ተመልሶ መጥቶ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ እንዴት እንደሚገጥሙ ይለካል። ቀጥሎ ጥርሶቹ በሰሙ ላይ ይደረደራሉ፤ ታካሚውም በአፉ ውስጥ ይሞክራቸዋል። የጥርሱን ቀለም፣ ርዝመትና አቀማመጥ በተመለከተ ቅሬታ ያለው ሰው መናገር የሚገባው በዚህ ቀጠሮ ነው። ሰሙ ወጥቶ በቦታው አክሪሊክ የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከገባና በሙቀት ከተጋገረ በኋላ ብዙ ነገር መለወጥ አይቻልም።

ክራውን ወይም ብሪጅ የሚባሉት ቋሚ ሥራዎች በብረት ሲሠሩም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ቅርጹ በሰም ይሠራል፤ ሰሙ በማይቀልጥ ቁስ ይሸፈናል፤ በእሳት ቀልጦ ሲወጣም በባዶው ቦታ የቀለጠ ብረት ይፈስሳል። ይህ ዘዴ ወደ ጥርስ ሥራ በስፋት የገባው እ.ኤ.አ. በ1907 ዊልያም ታጋርት የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም አሠራሩን ካስተዋወቀ ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ አንጥረኞች በበኩላቸው የዑደት መስቀሎችን በዚሁ በሰም የማቅለጥ ዘዴ ሲሠሩ ዘመናት አልፈዋልና፣ ጥበቡ ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም።

ሙያው ከሐኪሙ ሥራ እንዴት ተለየ?

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው ሠራሽ ጥርስን የሚሠራው ራሱ ጥርስ ነቃዩ ወይም እርሱ የቀጠረው ሠራተኛ ነበር። የጥርሱ መያዣ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከወርቅ ይሠራ ስለነበር ዋጋው ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነበር። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ጎማን በሙቀትና በድኝ የማጠንከር ዘዴ ሲገኝ፣ ቮልካናይት የተባለው ጠንካራ ጎማ የወርቁን ቦታ ተካ። ዋጋው ረከሰ፤ ፈላጊውም በዛ። ሆኖም ቮልካናይትን ለመሥራት የእንፋሎት ግፊት ያለው ምድጃና ረጅም ሰዓት ያስፈልግ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ የሕክምና ክፍል ውስጥ ማካሄድ አመቺ ባለመሆኑ፣ ለብዙ ሐኪሞች የሚሠሩ ራሳቸውን የቻሉ ወርክሾፖች ተቋቋሙ። በአሜሪካ እንዲህ ያሉ የንግድ ላቦራቶሪዎች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በቦስተን ከተማ ሥራ ጀምረዋል። አክሪሊክ ቮልካናይትን መተካት የጀመረው ከ1930ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ነው።

በዚህ ሁኔታ ሁለት ሙያዎች ተፈጠሩ፤ የታወቀው ግን አንዱ ብቻ ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣችው ሕግ የጥርስ ሕክምና በመዝገብ ለሰፈሩ ሰዎች ብቻ እንዲፈቀድ ስታደርግ፣ በወቅቱ "የጥርስ መካኒክ" ይባሉ የነበሩት የላቦራቶሪ ሠራተኞች በዚያ መዝገብ ውስጥ የራሳቸው ቦታ አልነበራቸውም። ማን ሠለጠነ፣ ማንስ አልሠለጠነም የሚለውን የሚያውቀው ቀጣሪያቸው ብቻ ነበር። የቴክኒሻኖች ማኅበራት የተነሡት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ የሥልጠና ደረጃ እንዲወሰን፣ ሙያው በሕግ እንዲታወቅና የሥራ ላይ ደኅንነት እንዲጠበቅ ጠየቁ። መንገዱ አጭር አልነበረም። በብሪታንያ የጥርስ ቴክኒሻኖች መዝገብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ምዝገባው ግዴታ የሆነው በ2008 ነው፤ ከ1921ዱ ሕግ 87 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ደግሞ ቴክኒሻኖች ያለ ሐኪም አማካይነት ለታካሚ በቀጥታ የሚወልቅ ጥርስ እንዲሠሩ የሚፈቅደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 በሕዝብ ድምፅ ጸድቋል። እነዚህ ሁለት አገሮች የያዙት አቅጣጫ አንድ ዓይነት አይደለም። በየትኛውም አገር የቴክኒሻኑ የሥራ ወሰን የሚወሰነው በዚያው አገር ሕግ ነውና፣ በውጭ አገር የተፈቀደ አሠራር በኢትዮጵያ እንደተፈቀደ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የሥራ ላይ ደኅንነት የሚለው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቴክኒሻኑ ብረትና ሴራሚክ ሲሞርድ የሚነሣው ደቃቅ ብናኝ፣ በተለይም የሲሊካ ብናኝ፣ ዓመታትን ቆጥሮ ሳንባን ይጎዳል። የአክሪሊኩ ፈሳሽ ትነትም ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል። ጭምብል፣ ብናኝ የሚስብ መሣሪያና በቂ አየር የሌለው ጠባብ ክፍል ለሠራተኛው አደገኛ ነው፤ አንድ ግለሰብ ሠራተኛ ብቻውን ሊጠይቀው የሚከብደውን ነገር በማኅበር መጠየቅ ይቀላል።

የሙያ ማኅበር በኢትዮጵያ ሕግ

በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች በማኅበር መደራጀት የቆየ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961፣ የኢትዮጵያ አዋላጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 ተመሥርተዋል። ለማንኛውም ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት በኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 የተደነገገ ሲሆን፣ ዝርዝር አፈጻጸሙ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተወስኗል። ይህ አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 621/2001ን ነው።

በአዋጁ መሠረት ማኅበር የሚባለው አምስት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ አባላት የሚመሠረትና ጠቅላላ ጉባኤው የመጨረሻ ወሳኝ አካል የሆነ ድርጅት ነው። ስለዚህ አምስት ቴክኒሻኖች ከተስማሙ መነሻው ተሟልቷል። መሥራቾቹ ስብሰባ አካሂደው ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፤ መተዳደሪያ ደንብ ያጸድቃሉ፤ የማኅበሩን ስም፣ ዓላማና የሚሠራበትን አካባቢ ይወስናሉ። ከዚያም እነዚህን ሰነዶች ከመሥራቾቹ ስም፣ አድራሻና የመታወቂያ ቅጂ ጋር ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባሉ። ማመልከቻው የተሟላ ከሆነ ባለሥልጣኑ በ30 ቀናት ውስጥ መዝግቦ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የማኅበሩ ስም ከሌላ ድርጅት ስም ጋር የሚመሳሰል ወይም ሕዝብን የሚያሳስት ከሆነ ምዝገባው ሊከለከል ስለሚችል፣ ስሙን አስቀድሞ ማጣራት ጊዜ ይቆጥባል።

በጎባና በሮቤ ያሉ ባለሙያዎች ሊለዩት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። የፌዴራሉ አዋጅ የሚመለከተው በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ የሚቋቋሙትንና ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን አገር በቀል ድርጅቶች እንዲሁም የውጭ ድርጅቶችን ነው። በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ብቻ ለመሥራት የሚቋቋም ማኅበር በክልሉ አሠራር መሠረት በክልሉ አካል ይስተናገዳል። በባሌ ያሉ ቴክኒሻኖች ቁጥራቸው ጥቂት ከሆነ፣ የራሳቸውን ማኅበር ከማቋቋም ይልቅ በአገር አቀፍ ማኅበር ሥር መደራጀት ይመረጥ ይሆናል፤ ጠቅላላ ጉባኤ፣ የሒሳብ ምርመራና ዓመታዊ ሪፖርት ሁሉም ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸውና። ሪፖርቱ የበጀት ዓመቱ በተጠናቀቀ በሦስት ወራት ውስጥ ለባለሥልጣኑ መቅረብ አለበት። ማኅበሩ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ቢሠራም ትርፉን ለአባላት ማከፋፈል አይችልም።

ማኅበሩ ምን ማድረግ አይችልም?

በተገልጋዮች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚደባለቁት የማኅበር አባልነትና የሙያ ፈቃድ ናቸው። የሙያ ማኅበር ለአባላቱ ሥልጠና ያዘጋጃል፤ የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣል፤ በሙያው ላይ ለመንግሥት አስተያየት ያቀርባል፤ ደንቡን የጣሰ አባሉንም ሊያሰናብት ይችላል። ለማንም የሥራ ፈቃድ መስጠትም ሆነ መንጠቅ ግን አይችልም። የጤና ባለሙያን መመዝገብና ፈቃድ መስጠት እንዲሁም የጤና ተቋምን መቆጣጠር በሕግ ሥልጣን የተሰጣቸው የፌዴራልና የክልል የጤና ቁጥጥር አካላት ተግባር ነው። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የማኅበር አባልነት ምስክር ወረቀት፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ የሥራ ፈቃድን አይተካም።

ልዩነቱ በተግባር የሚያስከትለው ጉዳት አለ። ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች "ቋሚ ጥርስ በአንድ ቀን" በሚል ማስታወቂያ፣ ራሱን በራሱ የሚያደርቅ አክሪሊክ በአፍ ውስጥ በቀጥታ ለጥፈው ከጎን ካሉት ጤነኛ ጥርሶች ጋር የሚያጣብቁበት አሠራር በልዩ ልዩ አገሮች ይታያል። ለጊዜው ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ከሥሩ ማጽዳት ስለማይቻል ምግብ ይጠራቀማል፤ ድዱ ይቆጣል፤ ደኅና የነበሩት የጎን ጥርሶችም ይነቃነቃሉ። አንድ ጥርስ ለመተካት የሄደ ሰው ሦስት ጥርስ አጥቶ ይመለሳል። ዋጋው ርካሽ መሆኑና ቀጠሮ አለመብዛቱ ከሩቅ የሚመጣን ሰው እንደሚስብ መረዳት አያዳግትም። የቀጠሮዎቹ ብዛት ግን ከላይ እንደተገለጸው ከሥራው ባሕርይ የመጣ ነው።

ተገልጋዩ ሊጠይቅ የሚገባው

የጥርስ ክሊኒክ የተቋም ፈቃድ በግልጽ በሚታይ ቦታ ሊገኝ ይገባል፤ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ቀኑን አይቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ልኬት ከመሰጠቱ በፊት ሥራው የት ላቦራቶሪ እንደሚሠራ፣ ስንት ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ፣ ዋጋው የማስተካከያ ቀጠሮዎችን ይጨምር እንደሆነና በምን ዓይነት ቁስ እንደሚሠራ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ለሐኪሙ ቢያስረዳ ቀጠሮዎቹን ማቀራረብ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ለብረት አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

አዲስ የሚወልቅ ጥርስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድድን ሊያቆስል ይችላል፤ ይህ ብቻውን የጥራት ጉድለት ማስረጃ አይሆንም። ታካሚው ጥርሱን በራሱ ሞርዶ ወይም በሙጫ ጠግኖ ለማስተካከል ከሞከረ ግን ሐኪሙም ሆነ ቴክኒሻኑ ሥራውን ማረም ያዳግታቸዋል። ወደ ክሊኒኩ ተመልሶ ማሳየት ይበጃል፤ ከቀጠሮው በፊት ባለው አንድ ቀን ጥርሱን አድርጎ መቆየት ሐኪሙ የሚጎዳውን ቦታ በቀላሉ እንዲለየው ይረዳል። በሌላ ጊዜ ማታ ማታ አውልቆ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል፤ የፈላ ውኃ አክሪሊኩን ያጣምመዋል።

ችግሩ በማስተካከያ ካልተፈታ ቅሬታው በቅድሚያ ለሕክምና ተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ ይቀርባል። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ለወረዳው ወይም ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለዞኑ ጤና መምሪያ ወይም ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም በክልሉ የጤና ቁጥጥር ሥልጣን ለተሰጠው አካል ማቅረብ ይቻላል። ተከሳሹ የሙያ ማኅበር አባል ከሆነ ለማኅበሩ ማሳወቅም ይቻላል፤ ይህ ግን ለመንግሥት አካል የሚቀርበውን አቤቱታ አያስቀርም። አቤቱታ አቅራቢው የክፍያ ደረሰኙን፣ የቀጠሮ ካርዱንና ጥርሱን ራሱን ይዞ መቅረብ አለበት፤ የተሰበረ ቢሆንም ስብርባሪው አይጣል።