ከመድኃኒቱ በፊት ያለው ሰዓት፦ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ሕክምና



ስለ ልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ስንወያይ ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከመድኃኒት ምርጫ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ካለው ሰዓት ልጀምር፤ የብዙ ሕሙማን ዕጣ የሚወሰነው እዚያ ነውና።

በአገራችን ለዚህ ሕመም መንገድ ከሚጠርጉት ዋነኛው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በተጎዳው ቫልቭ ላይ ፋይብሪንና ፕሌትሌት ይረጋል፤ ከድድ ወይም ከቆዳ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያም እዚያ ይጣበቃል። ቬጅቴሽን የምንለው ጓል ይህ ነው። ጓሉ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ነጭ የደም ሕዋሳት በቀላሉ አይደርሱበትም፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎችም በዝግታ ስለሚራቡ መድኃኒት ቶሎ አይገድላቸውም። ሕክምናው በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚፈጀው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ቫልቩ የታመመ ሰው ትኩሳት ይዞት ሲመጣ ምን ይደረጋል? ደጋግመን የምናየው ይህን ነው፦ የዊዳል ምርመራ ይታዘዛል፣ «ታይፎይድ ነው» ይባላል፣ ሴፍትሪያክሶን ለጥቂት ቀናት ይሰጣል። ትኩሳቱ ይበርድና ቆይቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ደም በካልቸር ምንም ላያበቅል ይችላል። ተሕዋሱ ካልታወቀ ደግሞ በግምት እናክማለን፤ እንደ ጄንታማይሲን ያለ ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን የሚጎዳ መድኃኒት ምናልባት ለማያስፈልገው ሰው እንጨምራለን። (የዊዳል ውጤት፣ የልብ ድምፁ የተለወጠ ሕመምተኛ ፊት፣ ምንም ጥያቄ አይመልስም።)

ስለዚህ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ከተለያዩ የደም ሥሮች ሦስት ጊዜ ደም ይወሰድ። ሕመምተኛው የተረጋጋ ከሆነ ለዚህ የሚባክን ጊዜ የለም። በሴፕሲስ ተዳክሞ ከመጣ ግን ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዳል፤ ውጤቱ ሳይጠበቅም መድኃኒቱ ይጀመራል። በ1994 የወጣው የዱክ መስፈርትም ሆነ የ2023 ማሻሻያው የደም ካልቸርንና የልብ ምስልን ከዋና ዋናዎቹ ማስረጃዎች መካከል ያስቀምጣሉ።

ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ፣ ቫልቩ ተቀድዶ የልብ ድካም ካስከተለ፣ ኢንፌክሽኑ በመድኃኒት ካልተገታ፣ ወይም ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ቬጅቴሽን ስብርባሪው ወደ አንጎል ወይም ወደ ሌላ አካል ከሄደ፣ ቀዶ ሐኪሙን መጥራት ያለብን መድኃኒቱ ሲያልቅ ሳይሆን ዛሬውኑ ነው። አገልግሎቱ በጥቂት ቦታ በሚገኝበት አገር ይህ ጥሪ ይበልጥ መፍጠን አለበት።

በመጨረሻ፣ ስለ ሚዋጥ መድኃኒት ብዙ ጥያቄ ይቀርብልኛል። በዴንማርክ በ400 ሕሙማን ላይ የተደረገው የፖኤት ጥናት፣ ቢያንስ 10 ቀን በደም ሥር ከታከሙ በኋላ የተረጋጉ ሰዎች ሕክምናቸውን በአፍ በሚወሰዱ መድኃኒቶች መጨረሳቸው በደም ሥር ከመቀጠል እንደማያንስ አሳይቷል። ለአልጋና ለቤተሰብ ወጪ ትልቅ ተስፋ ነው። ሆኖም በጥናቱ የተካተቱት ባክቴሪያቸው በካልቸር የተለየ፣ በጉሮሮ በኩል በሚደረግ ኢኮ የተመረመሩ ሕሙማን ነበሩ። ደሙ ሳይቀዳ ሴፍትሪያክሶን የተወጋው ሕመምተኛ ከእነዚህ መካከል አይቆጠርም።