የትምህርት ጉብኝት የግድ ሩቅ መሄድ ነውን?

እናቶች! ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ለጉብኝት ገንዘብ አምጡ ተብለናል» ያለቻችሁ ዕለት ምን ብላችሁ መለሳችሁላት? አንዳንዶቻችሁ ከወሩ አስቤዛ ቀንሳችሁ ሰጥታችሁ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ሽርሽሩ ምን ያደርግልሻል፤ ይልቅ ታናሽሽን ጠብቂ» ብላችሁ አስቀርታችኋት ይሆናል። ጠያቂው ወንድሟ ቢሆን ኖሮ መልሳችሁ ያው ይሆን ነበርን? ይህን እያንዳንዳችን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

ጉብኝት በሚገባ ከተዘጋጀ ከሽርሽር የተለየ ትምህርት መሆኑ የታወቀ ነው። በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት፣ ቱሳን ከተባለችው ከተማ አጠገብ፣ እንደ እኛ አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. የተከፈተ የአሪዞና ሶኖራ የበረሃ ሙዚየም የሚባል ስፍራ አለ። ስሙ ሙዚየም ይሁን እንጂ አብዛኛው ክፍል ጣራ የለውም። ጎብኚዎች በእግራቸው እየተዘዋወሩ የበረሃውን ቁልቋልና አራዊት በሕይወት እንዳሉ ይመለከታሉ። ከዚያ የሚገኘው ቁም ነገር በረሃ ባዶ ምድር ሳይሆን ብዙ ፍጥረት የለመደው ቤት መሆኑ ነው።

በአገራችንም የሚታይ ሞልቷል። በ1967 ዓ.ም. በአፋር በረሃ፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ የአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ሀብት ናት። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ልጆች ሳላ ሲግጥ ማየት ይችላሉ። ነገር ግን የአውቶቡስ ኪራይ፣ የመግቢያ ክፍያና ስንቅ ሲደመር የሁሉም ቤት አቅም አይችለውም። ታዲያ ክፍያውን ያላገኘው ልጅ ጓደኞቹ ሲሳፈሩ ቆሞ ማየት አለበትን?

ለዚህ ጥያቄ ከወላይታ፣ ከጉኑኖ አንድ መልስ ይገኛል። ጉኑኖ ከሶዶ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ፣ ቀይ አፈርና እንሰት የሞላባት፣ ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት የሚኖርባት አገር ናት። በ1974 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች ከመረጣቸው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች አንዱን የተከለው እዚህ ነበር። አሠራሩ ለልጅ የሚገባ ነው። በተዳፋት ላይ ትንሽ መሬት ይከለላል፤ ከግርጌው ጎርፉን የሚይዝ ገንዳ ይቀመጣል፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው ይለካል፤ ጭቃው ደርቆ ይመዘናል። እንዲህ እየተደረገ ባዶ መሬት፣ ሰብል የለበሰ መሬትና እርከን የተሠራበት መሬት የሚያጡት አፈር ይነጻጸራል።

ይህን የሒሳብ መምህሩ ወደ ክፍል ሊያመጣው ይችላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 5 ሜትር በ6 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 600 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 30 ጄሪካን ይሆናል። ውሃ ተሸክማ የምታውቅ ልጅ የዚህን ክብደት ለማንም ማስረዳት ትችላለች! ይህ ሁሉ ውሃ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ ምን ይዞ እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

በጉኑኖ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ብቻ ሦስት ነገር ያሳያል። አንደኛው በቤት ዙሪያ ያለው የእንሰት ጓሮ ነው። በፍግ ስለዳበረ አፈሩ ጠቆር ይላል፤ ሰፊው ቅጠልም የዝናቡን ምት ያበርዳል። ሁለተኛው ከቤት ራቅ ያለው ማሳ ነው። ልጆቹ ከሁለቱም አንዳንድ እፍኝ ዘግነው ቀለሙንና ልስላሴውን ያወዳድሩ። ሦስተኛው ቦረቦሩና እርከኑ ነው። የአፋርን በረሃ ተፈጥሮ ሠራችው፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ ተዳፋት ተራቁቶ ሲገኝ ግን የሰው እጅ አለበት። ልጆች ይህን ልዩነት በዓይናቸው ካዩ፣ የሚያድን የሰው እጅ መኖሩንም ከእርከኑ ይማራሉ።

ለጉዞው ዝግጅት የሚከተለው ይታሰብበት።

መምህሩ አስቀድሞ ስፍራውን ይመልከት፤ የማሳውን ባለቤትም ያስፈቅድ። ልጆች ሰብል እንዳይረግጡ ይነገራቸው። ዝናብ ባረፈ ሰሞን፣ በጠዋት መውጣት ይመረጣል፤ ወደ ቦረቦር ጠርዝ መጠጋት ግን ፈጽሞ አይገባም። ለስንቅ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ የተጣራ ውሃም በጠርሙስ ይበቃል። ሴቶች ልጆች ስለሚያስፈልጋቸው መጸዳጃም ቀድሞ ይታሰብ። በማግሥቱ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ያየውን ጽፎ ወይም ሥሎ ያቅርብ።

በከተማ የምትኖሩና ቀኑን በሥራ ላይ የምትውሉ እናቶችም ይህን ትምህርት በቤታችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ሁለት አሮጌ ጣሳዎች በአንድ ጎናቸው ቀዳችሁ አፈር ሙሉባቸው። በአንደኛው ላይ ሣር ከነሥሩ ትከሉ፤ ሁለተኛውን ባዶውን ተዉት። ጋደም አድርጋችሁ በሁለቱም ላይ እኩል ውሃ አርከፍክፉ፤ የሚወርደውንም በሁለት ብርጭቆ ተቀበሉ። ብርጭቆዎቹን አሳድራችሁ ጠዋት ከልጃችሁ ጋር ዝቃጩን ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ «ሂድ ወዲያ» ሳትሉ አድምጡት።

በመጪው የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ጉብኝት ሲነሳ አንድ ሐሳብ አቅርቡ። ወደ ሩቅ የሚደረገው ጉዞ አይቅር፤ ነገር ግን በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ክፍያ የሌለው፣ በእግር የሚደረስበት፣ የክፍሉ ልጆች ሁሉ የሚካፈሉበት ጉብኝት ይኑር። በዚያም ቀን ሴት ልጃችሁ ለቤት ሥራ ተብላ እንዳትቀር አደራ እንላለን።