ቢስክሌትን በጥንት ሐረግ ስለ ማስጌጥ

ከመማሪያ ክፍላችን ጀርባ ግንቡን ተደግፋ የምትቆመውን ቢስክሌቴን ያዩ ሠልጣኞች «ማን ሣለልህ? ስንት አስከፈለህ?» እያሉ ጠይቀውኛል። አንድ መምህራችንማ «ይኼ ቢስክሌት ነው ወይስ ብራና?» ብለው አስቀውናል። ሠዓሊ አልቀጠርኩም። ወጪውም አራት ትንንሽ ቆርቆሮ የዘይት ቀለምና አንድ ቀጭን ብሩሽ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ከማስረዳ ብዬ አሠራሩን እዚህ ጽፌዋለሁ።

እንደሚታወቀው ሐረግ የሚጠመጠም ተክል ነው። በብራና መጻሕፍት ደግሞ በገጹ ራስጌና ዳርና ዳር የሚሣለው፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈው ጌጥ በዚሁ ስም ይጠራል። በ14ኛውና በ15ኛው ምዕተ ዓመት በተጻፉ የግዕዝ መጻሕፍት ላይ በብዛት ይታያል፤ በላሊበላም የቤተ ማርያምን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው የዚሁኑ ዘመድ ያገኛል። ልብ በሉ፤ የጥንቱ ሰው ሐረጉን የሚያሳርፈው በጽሑፉ ዙሪያ እንጂ በፊደሉ ላይ አይደለም። ንባቡን አያውክም። በቢስክሌትም ላይ ደንቡ ይኸው መሆን አለበት። እኔ ግን ይህን የተማርኩት ወድቄ ነው።

መጀመሪያ ያስጌጥኩት ቸርኬውን ነበር። ጎማው ሲዞር ቀይና ቢጫ ቀለበት ይታያል ብዬ የፍሬኑ ላስቲክ የሚነክሰውን ጎን ሁሉ ለቀለቅሁት። በማግስቱ ጠዋት የትምህርት መርጃ ሥዕሎቼን ከኋላ ጭኜ ለማስተማር ልምምድ ስሄድ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን ቁልቁለት ያዝኩ። ፍሬኑን ብጨብጥ፣ ብጨብጥ ማን ሊቆም! ቀለሙ ላስቲኩን አሟለጨው። በሩ ላይ የአንደኛ ክፍል ልጆች ተኮልኩለዋል። ወደ ቦዩ ባልጠመዝዛት ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ሱሪዬ ተቀደደ፣ ሥዕሎቼ ጭቃ ገቡ፤ ልጆቹ ግን ምንም አልሆኑም።

እንግዲህ ቸርኬ፣ ካቴናና የፍሬን ዘንግ አይነኩም። ከኋላ ያለው ቀይ አንጸባራቂም እንዳይቀባ፤ ሌሊት መኪና የሚያያችሁ በእርሱ ነው። ጨርቅና ዘርፍ ከጎማው ሽቦዎች አጠገብ አታንጠልጥሉ። መሪው ላይ የጦር ጫፍ የመሰለ ሹል ብረት የሚያስር ጓደኛም አለኝ፤ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚወጋው ራሱን ነው። ጌጥ ለማሰር ብሎ ቴላዮውን በመሰርሰሪያ መብሳት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ ቧንቧው ስስ ስለሆነ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ነው። ለሐረግ የተመቹት የቴላዮው ቧንቧዎች፣ ፓራፋንጎውና የካቴናው መከለያ ናቸው።

አሁን ወደ ንድፉ እንግባ። የቧንቧውን ዙሪያ በክር ለኩ። በብዙ የብረት ቢስክሌቶች የላይኛው ቧንቧ ውፍረት 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ3.14 ሲባዛ ዙሪያው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። 28.6 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በካሬ ወረቀት ላይ ሁለት ሞገደኛ ጥብጣቦች ሣሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ መካከል ላይ ይተላለፋሉ። በመጀመሪያው መተላለፊያ ቀዩ ከላይ ካለፈ በሚቀጥለው ከታች ይለፍ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። 9 ሳንቲ ሜትር ለ3 እኩል ይካፈላል ብዬ ሦስት መተላለፊያ አደረግሁ። ቧንቧውን ዞሬ ስመለስ ቀዩ ጥብጣብ ከአረንጓዴው ጋር ተገናኘ! ነገሩ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ መተላለፊያ ጥብጣቦቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ወደ ቦታቸው የሚመለሱት ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ ብቻ ነው። ጎዶሎ ከሆነ ሁለቱ አንድ ጥብጣብ ይሆናሉ። አራት አድርጉት፤ በ9 ሳንቲ ሜትር ላይ እያንዳንዱ 2.25 ይደርሰዋል። ሙሉና ጎዶሎ ቁጥር ለምታስተምሩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መርጃ ከየት ይመጣል?

ስለ ቀለም አንድ ነገር ከአውሮፓ ፈረሰኞች እንዋስ። ከ12ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በጋሻቸው ላይ መለያ ምልክት ይሥሉ ነበር። በኋላ በወጣው ደንባቸው ቢጫና ነጭ፣ ማለትም ወርቅና ብር፣ አንዱ በሌላው ላይ አይደረቡም፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁርም እንዲሁ እርስ በርሳቸው አይደረቡም። እንዲህ ሲሆን ምልክቱ ከሩቅ ይለያል። በእርግጥም ጥቁር ቢስክሌት ላይ የተሣለ ቀይ ሐረግ ትንሽ ራቅ ሲሉ ይጠፋል። ስለዚህ ቧንቧውን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ አሸሁት፤ ብረቱ ብቅ ካለበት ላይ ዝገት መከላከያ ቀባሁ። ከዚያም ነጩ ላይ ከቸርኬው የተረፈኝን ቢጫ ጥቂት ጠብታ ጨምሬ የብራና መልክ ያለው መደብ አበጀሁ። አንድ ቀን ሙሉ ካደረቅሁ በኋላ ቀዩንና አረንጓዴውን ሣልኩ። ከታች የሚያልፈው ጥብጣብ ከላይኛው ሳይነካካ ጠባብ ክፍተት ተዉለት፤ መጠላለፉ የሚታየው በዚያ ክፍተት ነው።

መስቀልስ ለምን አልጨመርክበትም ያሉኝ አሉ። ጭቃ በሚረጭበት ቦታ አላስቀምጠውም፤ ሐረጉ ይበቃኛል።

የቀረኝ ስም ነው። የጥንት ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። የእኔዋ ኮርቻ እንጂ ስም የላትም። ሐሳብ ያለው ሰው ከዚህ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ ይጻፍልኝ፤ «አባ ቦይ» የሚለው ግን ቀድሞ ስለተነገረኝ አይደገም።